የአርቪ ወጥ ቤት ሩቢኔት ምንድን ነው? የቤቱን ገዝቶ መግጠምስ ይቻላል?

አርቪ ማለት አልጋውንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ ሽንት ቤቱንም ይዞ የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። አንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው፤ ሌላው በፒክአፕ ይጎተታል። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ነው። ላቫንዲኖው ላይ የተተከለው ሩቢኔት ሲያዩት ከቤቱ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ ደህና የቤት ሩቢኔት ይገዛል። ችግሩ የሚመጣው አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሊገጥም ሲል ነው። ጫፉ ከመስመሩ ጋር አይገጥምም፣ ከሥር የሚዘጋ ነገር የለም፣ ውሃውም ካቢኔው ውስጥ ይወርዳል።

የአርቪ ሩቢኔት የሚንቀሳቀስ ቤት ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ተሽከርካሪው የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ፋብሪካው ከብረት ይልቅ ፕላስቲክ ይመርጣል። ላዩ ክሮም ወይም ኒኬል ተቀብቶ ብረት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፕላስቲክ ነው። በእጃችሁ አንስታችሁ ብትመዝኑት ወዲያው ይገባችኋል። ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ አይጣልም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወጣ ለሚል ቤተሰብ በቂ ነው፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ለሚኖር ሰው ግን በእኔ እምነት ብረቱ ዋጋውን ያወጣል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ደግሞ ሩቢኔቱን መንካት ባትጀምሩ ይሻላል። አርቪ ሁለት የውሃ ምንጭ አለው። አንዱ ራሱ የተሸከመው ንጹህ ውሃ ታንከር ነው፤ ከዚያ ውሃውን የሚገፋው በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። ሩቢኔት ስትከፍቱ ግፊቱ ይወርድና ፓምፑ ይነሳል፤ ስትዘጉት ግፊቱ ይሞላና ይቆማል። ሁለተኛው ምንጭ የካምፕ ግራውንዱ፣ ማለትም አርቪ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቧንቧ ነው፤ በጎማ ታገናኙታላችሁ፣ ያኔ ፓምፑ አያስፈልግም። ሁለቱም የሚገቡት ወደ አንድ መስመር ነው፣ መስመሩም ቀዝቃዛውን ለብቻ፣ በቦይለሩ በኩል ያለፈውን ሙቅ ለብቻ አድርጎ ሩቢኔቱ ሥር ያደርሳል።

እቤት ላቫንዲኖ ሥር ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፣ እነሱን ዘግታችሁ ሥራ ትጀምራላችሁ። አብዛኛው አርቪ ግን የለውም! ስለዚህ መዝጋት ማለት መላውን ሥርዓት ማቆም ነው። ፓምፑን አጥፉ፣ የውጭውን ጎማ ከምንጩ ዘግታችሁ ንቀሉ፣ ቦይለሩን አጥፍታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። የብዙ አርቪ ቦይለር 6 ወይም 10 ጋሎን ይይዛል፤ ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ውሃ ካቢኔ ውስጥ አጎንብሳችሁ ባላችሁበት ፊታችሁ ላይ ቢፈስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ሲበርድ ሩቢኔቱን በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ክፈቱ፣ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፍ አንሱ።

ግን ቆይ። ከመፍታታችሁ በፊት ሩቢኔቱ እውነት ተበላሽቷል ወይ? ካምፕ ግራውንድ ላይ ተገናኝቶ ሲሆን ብቻ የሚያንጠባጥብ፣ በፓምፕ ሲሆን ግን ደህና የሚሆን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሚገባው ግፊት ነው። የካምፕ ግራውንድ ግፊት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አንዳንዱ ጋ ለአርቪ መስመር በጣም ይበዛል። ለዚህ ነው ጎማው ከመገናኘቱ በፊት ምንጩ ላይ የግፊት መቀነሻ፣ ሰዎች ሬጉሌተር የሚሉት፣ የሚታሰረው። ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ይያዛል። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ሩቢኔት ብትገጥሙ እሱም ዕድሜው አይረዝምም። ውሃው ደክሞ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትታችሁ እዩዋት፤ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይዟት ይሆናል። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ብትቦርሿት ሩቢኔት መግዛቱ ሊቀርላችሁ ይችላል።

እሺ፣ መቀየሩ ግድ ሆነ እንበል። የቤቱ ይገጥማል? ይገጥማል፣ ግን ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትለኩት ነገር አለ።

ትልቁ ጣጣ መገናኛው ጫፍ ላይ ነው። የዛሬ አርቪዎች መስመር ፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች፣ ቀዩ ሙቅ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ። ጫፉ ላይ በእጅ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዳዶ አለ፣ ውስጡም ሾጣጣ ጎማ ተቀምጧል። ይህ ዳዶ የሚይዘው ጥርሱ ከውጭ የሆነ የግማሽ ኢንች ጫፍ ነው። አዲስ የቤት ሩቢኔት ይዟቸው የሚመጣው ቱቦዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጫፋቸው 3/8 ኢንች ነው፣ ጥርሱም ከውስጥ ነው። ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም። የሚያስታርቃቸው ትንሽ የነሐስ አዳፕተር ነው፤ በአንድ በኩል ግማሽ ኢንች፣ በሌላ በኩል 3/8፣ ሁለቱም ጥርስ ከውጭ የሆነ። ለሙቅ አንድ፣ ለቀዝቃዛ አንድ ያስፈልጋችኋል። ሱቅ ስትሄዱ የአሮጌውን መገናኛ ፎቶ አንስታችሁ ብትይዙ ደጋግሞ ከመመላለስ ትድናላችሁ። አርቪው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነና ቱቦው ግራጫ ከሆነ፣ ያ ፖሊቡቲሊን ሊሆን ይችላል። በእርጅና የሚሰነጠቅ ዕቃ ስለሆነ ስትነኩት ቀስ በሉ፣ ወደ ፔክስ የሚያሸጋግር የራሱ መገጣጠሚያም ይፈልጋል።

ቀጥሎ ቀዳዳው። የብዙ አርቪ ወጥ ቤት ሩቢኔት የሙቁና የቀዝቃዛው ቀዳዳ መሃል ለመሃል ሲለካ 8 ኢንች ነው፤ የእጅ መታጠቢያው 4 ኢንች ነው፣ አትቀላቅሉት። ባለ አንድ እግር ሩቢኔት ካማራችሁ መሃል ላይ ቀዳዳ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ መብሳት ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው 1 ከ3/8 ኢንች፣ ማለትም 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቀሩትን ቀዳዳዎች ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሽፋን ይደብቃቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር የላቫንዲኖው ቆርቆሮ ስስነት ነው። ረጅምና ከባድ የብረት ሩቢኔት ስስ ቆርቆሮ ላይ ሲቆም ይወዛወዛል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ይብሳል። ከሥር ቀዳዳውን የሚያሳልፍ ቁራጭ ጣውላ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ዳዶውን በእሱ ላይ ብታጠብቁት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቁመቱንም ለኩ፣ እባካችሁ። አንገቱ ረጅም የሆነ ሩቢኔት ድስት ለማጠብ ይመቻል፣ ማንም ይወደዋል። ነገር ግን ብዙ አርቪ ሲቆም ወደ ውጭ የሚንሸራተት ክፍል አለው፤ ክፍሉ ለጉዞ ወደ ውስጥ ሲመለስ ሩቢኔቱ ካቢኔ ወይም ሌላ ዕቃ ሊመታ ይችላል። ላቫንዲኖውን የሚከድን ጣውላ ያላቸውም አሉ፤ ክዳኑ መግባቱን እዩ። ተጎትቶ የሚወርድ ራስ ያለው ከሆነ ደግሞ ቱቦውን የሚመልሰው ከሥር የተንጠለጠለ ክብደት ነው፤ እሱ የሚወርድበት ቦታ በመሳቢያ ወይም በእጣቢ ቱቦ ተይዞ ከሆነ ራሱ ወደ ቦታው አይመለስም።

የውሃው መጠን ነገር ደግሞ እቤት ሆነን የማናስበው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የወጥ ቤት ሩቢኔት በደቂቃ ቢበዛ 2.2 ጋሎን ነው የሚለቀው፤ ካሊፎርኒያ 1.8 ላይ ትገድበዋለች። ትንሽ ይመስላል። ግን ከላቫንዲኖው የወረደው ውሃ የሚጠራቀምበት የእጣቢ ታንከራችሁ 30 ጋሎን የሚይዝ ቢሆን፣ በደቂቃ 1.8 ጋሎን የሚለቅ ሩቢኔት ሙሉ ከተከፈተ ከ17 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ዕቃ ማጠብ ለሚወድ ሰው 17 ደቂቃ ምንም አይደለም! ስለዚህ እኔ ብመርጥ ከመልኩ በፊት የማየው ራሱ ላይ ውሃውን ለአፍታ የሚያቆም ቁልፍ መኖሩን ነው። ከዘመድ ያገኛችሁትን አሮጌ የብረት ሩቢኔት ለመግጠም ካሰባችሁ ደግሞ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ውሃ የሚነካ የብረት ዕቃ ውስጥ የሚኖረው እርሳስ በአማካይ ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያዘው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 2014 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የበለጠ ሊኖራቸው ይችላል። ለሻይ የምትቀዱት ከእሱ ነውና።

መግጠሙ ራሱ ረጅም ሥራ አይደለም። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ እንግሊዝ ቁልፍ፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነም ከላቫንዲኖ ሥር የሚገባ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ። የምጨነቀው ስለ ማጥበቁ ነው። ሰው ውሃ እንዳያፈስ ብሎ የፕላስቲኩን ዳዶ በቁልፍ አንቆ ያጠብቃል፣ ዳዶውም ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሌሊት ማፍሰስ ይጀምራል። እዚያ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። በእጅ እስኪቆም አዙሩት፣ ካስፈለገ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። ጎማ ባለው መገናኛ ላይ ቴፍሎን የሚባለውን ስስ የቧንቧ ቴፕ መጠቅለልም አያስፈልግም፤ ጎማው ተስተካክሎ እንዳይቀመጥ ሊያደርግ ይችላል። ቴፍሎን ቦታው ጥርስ ከጥርስ ጋር ተጠባብቆ የሚዘጋበት መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ሲያልቅ ፓምፑን አብሩና ሁሉንም ሩቢኔት ዝጉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ቆሞ በዚያው ከቀረ መልካም ነው። ማንም ውሃ ሳይከፍት በየጥቂት ደቂቃው ብድግ እያለ ትንሽ ሠርቶ የሚቆም ከሆነ ግን ግፊቱ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። አዲሱ መገናኛ ሥር ደረቅ ሶፍት አስቀምጡ፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን ታሳያችኋለች። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ፓምፑ አሁንም የሚነሳ ከሆነ የሽንት ቤቱን ቫልቭና ፓምፑን ራሱን ተጠራጠሩ።

ትራክ የምትነዱ ወገኖች መንገድ ብሎን እንዴት እንደሚያላላ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ካቢኔውን ከፍታችሁ ዳዶዎቹን በእጅ አንድ ጊዜ ነካ አድርጓቸው።

ብርድ ያለበት ግዛት የምትኖሩ ከሆነ ለክረምቱ መስመሩን ስታዘጋጁ አዲሱን ሩቢኔት አትርሱት። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ሩቢኔቱ ውስጥ የቀረች ትንሽ ውሃ ውስጡን ለመሰንጠቅ ትበቃለች። ተጎታች ቱቦ ያለው የቤት ሩቢኔት ደግሞ ውሃ የሚደበቅበት ቦታ ከአርቪው ይበዛል። ለአርቪ የሚሸጠውን ሮዝ አንቲፍሪዝ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን፣ በፓምፑ አስገቡ። የመኪናው አንቲፍሪዝ ኤትሊን ግላይኮል ሊሆን ይችላል፤ እሱ መርዝ ስለሆነ የመጠጥ መስመር ውስጥ በፍጹም አይገባም። ቀዝቃዛውን ከፍታችሁ ሮዙ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ሙቁንም እንዲሁ፣ ከዚያ ራሱን ሳብ አድርጋችሁ የሚረጨውንም የሚወርደውንም አንድ አንድ ጊዜ ልቀቁት።