ስለ ላሊበላው ዮርዳኖስና ስለ ድንጋይ መስቀሉ የሚነገሩ ስሕተቶች

በላሊበላ በአስጎብኚነት ስሠራ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ስለሚያልፈው ቦይ «ዮርዳኖስ እኮ ደረቀ» የሚል ንግግር ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ይህን ከማረሜ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ላንሣ።

በዮርዳኖስ ውስጥ የቆመው የድንጋይ መስቀል ከቤተ ጊዮርጊስ ጋር የሚምታታባቸው አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያኛው ግን ክርስቶስ በኢየሩሳሌም አገር በዮርዳኖስ ወንዝ የተጠመቀበትን ስፍራ ለማሰብ በቦዩ ውስጥ የቆመ ወጥ ድንጋይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን የአውሮፓ መስቀል ጦረኞች ሠሯቸው የሚለውም ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። በአንድ የመጋቢት ቀን አንድ አባት ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ «ውኃው የሸሸው በኃጢአታችን ነው» እያለ ልጆቹን ሲያስፈራራ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዮርዳኖስ ክረምት ጠብቆ የሚፈስ እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ወንዝ አይደለም፤ በበጋ ባዶ መሆኑ ወጉ ነው። በሰሜኑና በደቡብ ምሥራቁ የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ መካከል የሚያልፈው ይህ ቦይ በሰው እጅ ተጠርቦ የጠለቀ ሲሆን፣ ስሙ ለኢየሩሳሌም መታሰቢያ ቢሰጠውም ሥራው ግን ከስሙ በላይ ነው። ቤተ ማርያምን ወይም ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ሕንጻው ከመሬት ወለል በታች በተቆፈረ ግቢ ውስጥ ስለቆመ የክረምቱ ዝናብ መውጫ ካላገኘ ግቢው ገንዳ ይሆናል። ጠራቢዎቹ ይህን አስቀድመው አስበው የውኃ መውረጃ ቦዮችን ከአለቱ ጋር አብረው ቀርጸዋል።

ከባዱ ጉዳትም የመጣው ውኃ በመጥፋቱ ሳይሆን መውጫ በማጣቱ ነው። አብዛኞቹ የመውረጃ ቦዮች ለዘመናት በአፈር ተደፍነው ኖረው የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትልልቅ መጠለያዎች የተተከሉትም ዝናቡ አለቱን እየጎዳው ስለነበረ ነው። ስለዚህ ለዮርዳኖስ የሚቆረቆር ሰው ስለ ድርቀቱ ከማልቀስ ይልቅ የውኃ ፕላስቲኩን ወደ ቦዩ አይወርውር፤ በየመውረጃው አፍ የተጠራቀመ አፈርና ቆሻሻ ሲያይም ክረምቱ ሳይገባ እንዲጠረግ ለካህናቱ ይንገር።