ፖዶኮኒዮሲስ፦ ቀይ አፈር የሚያመጣው ዝሆኔ

ፖዶኮኒዮሲስ በተለምዶ «ዝሆኔ» ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ ሲሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግራቸው የሚያርሱና የሚጓዙ ደገኞችን ያጠቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በኢትዮጵያ የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር አብሮ ማንሳት ጀምሯል።

ስያሜውን ያወጣው በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠራ የነበረው ብሪታኒያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በታማሚዎች የብሽሽት ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶችን በማግኘቱ፣ ደቃቁ አፈር በእግር ቆዳ ሰርጎ ከሰውነት ክፍሎች ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላል የሚለውን ማብራሪያ አቀረበ። ይሁን እንጂ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበትን ምክንያት አፈሩ ብቻውን አይመልስም። ከደቡብ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በሽታው የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት የኤችኤልኤ ዘረመሎች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው መታመሙ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጉዳቱ ግን ጤነኛ ልጆች ሳይቀሩ «ዘራቸው ነው» ተብለው ለትዳር መከልከላቸው ነው።

በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመሳሰሉትን እያስወገደ ይደርስበታል። የፖዶኮኒዮሲስ እብጠት ከእግር ጣቶችና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት በላይ የሚያልፈውም አልፎ አልፎ ነው፤ ሁለቱንም እግሮች ቢይዝም እኩል አያብጡም። በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው የክር ትል ዝሆኔ በአንጻሩ የወንዶችን የዘር ፍሬ ከረጢትም ሊያሳብጥ ይችላል፤ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታም ይመረመራል። ነገር ግን እብጠቱ ከቆየ በኋላ ትሎቹ ሞተው ውጤቱ ነጻ ሊሆን ስለሚችል፣ ታማሚው የኖረበት ቦታ ከፍታና የአፈሩ ዓይነት ከምርመራው ባልተናነሰ ይመዝናሉ። እግሩ ንክኪ የሚሰማው መሆኑ ደግሞ ከሥጋ ደዌ ይለየዋል። ስህተቱ ሩቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በምዕራብ ኡጋንዳ ካምዌንጌ ወረዳ የክር ትል ዝሆኔ ተብሎ የተጠረጠረው እብጠት ሲመረመር ፖዶኮኒዮሲስ ሆኖ ተገኝቷል።

ሕክምናው እጅግ ቀላል ቢሆንም ለረጅም ጊዜ በሙከራ ሳይፈተሽ ቆይቷል፦ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተፈተነ። ሕክምናውን ወዲያውኑ ያገኙት ታማሚዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም የሚያስከትለው የእግር መቆጣት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ቁጥሩ ሲሰሙት ያነሰ ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ታማሚ በዓመት በአማካይ ከ20 ጊዜ ያላነሰ ይህ ሕመም የሚነሳበት በመሆኑ፣ በእርሻና በመኸር ወቅት ከአልጋ የሚያድነው የቀን ብዛት ቀላል አይደለም።

ያበጠ እግር ገበያ ላይ ባለ ጫማ አይገባም። በዚህም የተነሳ በወላይታ የተቋቋመው የታማሚዎች መርጃ ማኅበር ከእግር ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ጎን ለጎን ሰፋፊ የቆዳ ጫማዎችን በልክ ያሰፋል፤ ጣቢያዎቹን ከሚያስተባብሩትም መካከል ራሳቸው ታክመው የተሻላቸው ይገኙበታል።