«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

አንዱ በ20 ብር ውርርድ ይጀምራል። ትንሽ ይበላል፣ ደስ ይለዋል፣ ይደግማል፤ ከዚያ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅና ከሰው መበደር ይመጣል። ያኔ ነው አንድ ትልቅ ሰው «አይ ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት። ጉዳት አስፈራርቶ አይመጣም፣ እያጫወተ ነው የሚያስገባህ ማለታቸው ነው። አፈ ቅቤ ለሆነ ሰውም ይነገራል፦ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ ተጠንቀቂው!»

መነሻው ወንዝ ነው። ድልድይ የሌለው ወንዝ በእግሩ የተሻገረ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትህን ያቀዘቅዝሃል፣ ደስ ይላል። ጉልበትህ ላይ ሲደርስ ይኮረኩርሃል፣ ከጓደኞችህ ጋር እየተሳሳቅክ ትቀጥላለህ። ወገብህ ጋ ሲደርስ ከእግርህ ስር ያለው አሸዋ መሸሽ ይጀምራል፤ ሳቁ ቆመ፣ የወንዙ ዳር ግን ርቋል።

ቃሉን እንየው። «እያሳቀ» አይልም፣ «እያሳሳቀ» ነው የሚለው፤ አብሮህ እየሳቀ፣ ቀስ በቀስ እያለማመደ። ደግሞም የሚወስደው ውሃው ነው። «ውሃ ወሰደው» እንላለን፣ ጥፋቱን በሟቹ ላይ አንጥልም።

በድሮዋ እንግሊዝ ግን «ውሃው ወሰደው ወይስ ጥፋቱ የራሱ ነው?» የሚለው ጥያቄ የፍርድ ጉዳይ ነበር። ከ1194 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኮሮነር የሚባል ሹም አለ። ያኔ ሰው በድንገት ሲሞት የአካባቢውን ሰዎች ይሰበስብ ነበር፤ እነሱም ሬሳውን አይተው አሟሟቱን ምለው ይናገሩ ነበር። አውቆ ራሱን ገደለ ካሉ ንብረቱ ለዘውዱ ይወረስ፣ እንደ ክርስቲያን መቀበሩም ይቀር ነበር። ድንገተኛ አደጋ ነው ካሉ ቤተሰቡ ከዚህ ሁሉ ይድን ነበር። ሰው የገደለ ጀልባ ወይም ፈረስ እንኳ ዋጋው ተገምቶ ይወረስ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1846 ነው።

የእነዚያን ኮሮነሮች የሞት መዝገቦች ሳስብ አባባላችን ይመጣብኛል። ውሃ ከወሰዳቸው ብዙዎቹ የሞቱት በማዕበል አይደለም። ውሃ ሲቀዱ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ በሙቀት ሲዋኙ፣ ሁልጊዜ በሚሄዱበት ዳር ነው። በ1579 ካትሪን ሃምሌት የምትባል ወጣት ባልዲ ይዛ ከኤቨን ወንዝ ውሃ ልትቀዳ ሄደች፣ ዳሩ ላይ እግሯ አዳለጣትና ገብታ ሰጠመች። ሰዎቹ ተሰብስበው አዩት፣ ድንገተኛ ነው አሉ።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1569፣ ጄን ሻክስፔር የተባለች የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ነበረች። እሷም ውሃ ወሰዳት፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ የሷ ሞት ነው። አበባ ልትቀጥፍ ነበር ወደ ውሃው የጠጋችው። ቢጫ አበባ።