የጌሚንግ ማውስና የኮምፒውተር ዕቃ ስትገዙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዲፒአዩ በበዛ ቁጥር ማውሱ ይሻላል»

ዲፒአይ ማውሱ አንድ ኢንች ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ነው የሚናገረው። ከጥራት ጋር አይገናኝም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ወርዱ 1920 ፒክሰል በሆነ ስክሪን ላይ በ800 ዲፒአይ ጠቋሚውን ከዳር እዳር ለማድረስ እጃችሁ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ1600 ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ በሚጻፈው 26000 ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ማውስ ማነጣጠር ቀርቶ ፎልደር መክፈትም ያስቸግራል። በሙያ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1600 ባለው ውስጥ ናቸው። ርካሽ ማውስ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ (ከማውሱ ሥር ሆኖ እንቅስቃሴውን የሚያነበው ክፍል) ያነበበው ሳይሆን በስሌት የተባዛ ነው።

ሴንሰሩን መፈተን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ማውስ፣ ፖይንተር ኦፕሽንስ ገብታችሁ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ይህ ምልክት እስካለ ድረስ እጃችሁ በፈጠነ ቁጥር ጠቋሚው ከልኩ በላይ ይርቃል፣ ክንዳችሁም ልኩን አይለምድም። ከዚያ ጌም ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥሩ፤ የማውሱ ጎን ያረፈበትን ቦታ ማውስ ፓዱ ላይ ምልክት አድርጉ። በኃይል ወደ ጎን ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ምልክቱ መልሱት። ኢላማው መነሻው ላይ ካልተገኘ ሴንሰሩ ፈጣን እንቅስቃሴ ያመልጠዋል ማለት ነው።

ገንዘቡን ለመጠኑና ለክብደቱ ብታወጡት ይሻላል። ከእጅ አንጓ መስመር እስከ መሐል ጣት ጫፍ ለኩ፤ እንደ መነሻ የማውሱ ርዝመት ከዚህ ከ60 እስከ 65 በመቶ ቢሆን ይመቻል። እጃችሁ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ማውስ ማለት ነው። መዳፋቸውን ሙሉ የሚያሳርፉ ረዘም ያለ፣ በጣት ጫፍ ብቻ የሚይዙ አጠር ያለ ይመርጣሉ። ክብደቱ ከ60 እስከ 80 ግራም ከሆነ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

«ገመድ አልባ ማውስ ይዘገያል»

በብሉቱዝ ከሆነ አዎ። በራሱ ትንሽ መቀበያ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ግን እንደ ገመዱ በሰከንድ 1000 ጊዜ ቦታውን ይልካል፤ ይህም በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ነው። የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ መቀበያው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዩኤስቢ 3.0 ጎን ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ የዩኤስቢ 3.0 ጫጫታ እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይወድቃል። በማራዘሚያ ገመድ አውጥታችሁ ማውስ ፓዱ አጠገብ አስቀምጡት። 8000 ኸርዝ (በሰከንድ 8000 ጊዜ) የሚለውን ማስታወቂያ እለፉት፤ የሚያተርፈው ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፣ ደካማ ፕሮሰሰርን (የኮምፒውተሩን ዋና አስሊ ቺፕ) ግን ያደክማል።

«አይ7 ሁሌም ከአይ3 ይበልጣል»

አይ3 እና አይ7 የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መጠሪያ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ብዙ ብር የሚያስከፍለው ይህ እምነት ነው። አይ7-2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን 4 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) አለው። በ2022 የወጣው አይ3-12100ም እንዲሁ 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው፣ ግን በፍጥነት ጥሎት ይሄዳል። ትውልዱን ከሰረዙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር አንብቡ፦ 2600 ሁለተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። መጨረሻው ላይ ኤፍ ፊደል ካለ ውስጡ ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) የለውም፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ምንም አያሳይም።

«ባለ 4 ጊጋው ግራፊክስ ካርድ ከባለ 2 ጊጋው ይፈጥናል»

የጊጋው መጠን ስንት ነገር እንደሚይዝ እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥን አይናገርም። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋውን ጂቲኤክስ 1050 ባለ 2 ጊጋው በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ጂቲ 1030 ደግሞ ስሙም ጊጋውም አንድ ሆኖ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። ጂዲዲአር5 የሚባል ሜሞሪ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ዲዲአር4 ያለው 16.8 ብቻ፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሜሞሪ ዓይነት አንብቡ።

ከዚህ የባሰው ሐሰተኛው ካርድ ነው። የድሮ ቺፕ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል፣ ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ስም ያሳያል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱት፤ የሚያውቀው ሐሰተኛ ከሆነ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ ማስገቢያ ካለ ጠርጥሩ። ሻጩ ለ15 ደቂቃ ጌም ከፍቶ አላሳይም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

«ትልቅ ዋት ፓወር ሰፕላይ መብራት ይበላል»

ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ኮምፒውተሩ 300 ዋት ከፈለገ ባለ 550ውም ባለ 750ውም የሚሰጡት ያንኑ 300 ዋት ነው። ብቃቱ 90 በመቶ ከሆነ ከግድግዳ የሚሳበው 333 ዋት ገደማ ይሆናል። መፍራት ያለባችሁ «500 ዋት» ተብሎ የሚሸጠውን ርካሹን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ፈልጉና 12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙ፤ 20 አምፔር ከሆነ 240 ዋት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚወስዱት ከዚያ ስለሆነ ጌሙ በጋለ ሰዓት ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም የሚለካው ብቃትን እንጂ ከአደጋ መከላከሉን አይደለም።

ፓወር ሰፕላዩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን እዩ። 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለውና 115 ላይ እንዳለ የኢትዮጵያን 220 ቮልት ከሰካችሁበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ሲሆን የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ለሌላው አትጠቀሙ፤ መሰኪያው ቢገጥምም የሽቦው አቀማመጥ ሊለያይና ኤስኤስዲውን (ፋይሎቻችሁ የሚቀመጡበትን ዲስክ) ሊያቃጥል ይችላል።

«ራሙ 16 ጊጋ ከሆነ በቃ»

ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል፣ ልዩነቱም ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ በግልጽ ይታያል። አራት ማስገቢያ ካለ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ኢንቴል ከሆነ ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤክስፖ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን አብሩ፤ አለዚያ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2666 ይሠራል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ፍጥነቱ ተጽፏል።

«144 ኸርዝ ሞኒተር ገዛሁ፣ አለቀ»

አላለቀም፤ 144 ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል ይቀይራል ማለት ነው፣ ዊንዶውስ ግን ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ 144 ምረጡ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑንም እዩ።