ኔክስትክላውድ ምንድን ነው?

ኔክስትክላውድ በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን የፋይል መጋሪያ ነው። የጋራ ፎልደሩን በሁሉም አባላት ላፕቶፕ ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ ያቆያል፤ ኮላቦራ ወይም ኦንሊኦፊስ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከተጨመረበት ደግሞ ሦስት ሰው አንድ ጽሑፍ ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦውንክላውድ ከተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ማንም አውርዶ ይጭነዋል። ነፃ ነው ተብሎ ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ዲስክ አለ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚደርስ ባትሪ) አለ፣ ከሁሉም በላይ የሚከታተለው ሰው ደመወዝ አለ።

ባሕር ዳር ላይ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው የኢንተርኔት መስመሩ ላይ ነው። የጣናን እምቦጭ የሚከታተል ቡድን ከጉማራ ወንዝ መግቢያ 2,000 ፎቶ ይዞ ተመለሰ እንበል። አንዱ 5 ሜጋባይት ቢሆን ድምሩ 10 ጊጋባይት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ኢንተርኔት ወደ ውጭ ክላውድ መጫን ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ያውም ካልተቋረጠ። ሰርቨሩ እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ካለና ላፕቶፑ በ1 ጊጋቢት ኬብል ከተሰካ ግን ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። የውጭ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ፣ የሰርቨሩን ስም የሚያውቅ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ ሥራው አይቆምም።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ግጭት ነው። የውሃ ጥልቀት የተመዘገበበትን አንድ የኤክሴል ፋይል አንዱ ጀልባ ላይ ያለ ኔትወርክ፣ ሌላው ቢሮ ተቀምጦ ቢያርሙት፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን አያዋህድም። የሰርቨሩ ፋይል ስሙን እንደያዘ ይቆያል፤ ጀልባ ላይ የታረመው ስም ላይ ግን «ኮንፍሊክትድ ኮፒ» የሚል ቃል ከቀንና ከሰዓት ጋር ይለጠፍበታል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 093612 ቢል ከጠዋቱ 3፡36 መሆኑ ነው። ቅንብሩ ካልተነካ ይህ ቅጂ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ባለቤቱ ልብ ካላለው የዚያን ቀን ልኬት ማንም አያየውም። መላው ለየመስክ ቀኑ የራሱን ፋይል መክፈት፣ ማዋሃዱንም ለአንድ ሰው መተው ነው።

ከግጭቱ ይልቅ የሚያስፈራው ምርቃት ነው። የማስተርስ ተማሪው ሁሉንም ዳታ በራሱ አካውንት አስቀምጦ ለአማካሪው አጋርቶ ነበር፤ ሲመረቅ አድሚኑ አካውንቱን ሲያጠፋው ፋይሎቹም አብረው ይጠፋሉ፣ አማካሪውም ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ፋይሎቹ ወደ ሌላ ሰው መዛወር አለባቸው። የፕሮጀክት ዳታን ከመጀመሪያው ባለቤቱ ግለሰብ ባልሆነ የቡድን ፎልደር ውስጥ ማኖር ግን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ሲንክን (ፋይሎችን በሁሉም ላፕቶፕ አንድ ዓይነት ማድረግን) ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አድርጎ መቁጠርም ብዙዎችን ያሳስታል። አንዱ ያጠፋው ፋይል ከሁሉም ላፕቶፕ ይጠፋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት በተለምዶ 30 ቀን ያቆየዋል፣ ከዚያ በኋላ ቦታ ሲጠብ ይሰረዛል። እውነተኛ ባክአፕ ቢያንስ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የዳታ ፎልደሩን፣ የኮንፊግ (የቅንብር) ፎልደሩንና ዳታቤዙን። ዳታቤዙ የሰኞ፣ ፋይሉ የረቡዕ ከሆነ እርስ በርስ አይገጥሙም፤ በመሆኑም ቅጂው እስኪያልቅ ሰርቨሩን ሜንቴናንስ ሞድ (ተጠቃሚ የማይገባበት የጥገና ሁኔታ) ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ፔዳ ከሆነ ቅጂው በሌላው ግቢ፣ ዘንዘልማ፣ ይደር።

ማሻሻያ ሲመጣ የፕሮግራሙን ዋና ዋና ቨርዥኖች መዝለል አይፈቀድም፤ ከ28 ወደ 30 ለመሄድ 29ን ማለፍ ግድ ነው። ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ ሰርቨር ታዲያ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት፣ በየደረጃው ባክአፕ እየተያዘ፣ መብራት ቢጠፋ መሃል ላይ እንዳይቆም ዩፒኤሱ በቅድሚያ ተፈትሾ።