የ«ሄያ» ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል አሠራር

«ሄያ» በሀንጋሪኛ የጭልፊት ዓይነት ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሀንጋሪ ንጉሣዊ አየር ኃይል ባለ አንድ መቀመጫ ተዋጊ አውሮፕላኑን በዚህ ስም ይጠራው ነበር። ሞዴሉን ለመሥራት የተነሳ ሰው የሙጫውን ክዳን ሳይከፍት አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ የሚሠራው አንደኛውን ሄያ ነው ወይስ ሁለተኛውን? ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አፍንጫቸው ለየቅል ነው።

አንደኛው የጣሊያኑ ሬጃኔ 2000 ነው። ሀንጋሪ በ1939 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 70 አዘዘች። ከዚያ በፊት የነበሯት ባለ ድርብ ክንፍ ፊያቶች ነበሩ፤ ጣሊያን በኢትዮጵያ ሰማይም ያበረረቻቸው ዓይነቶች ናቸው።

ሁለተኛው የቡዳፔስቱ ማቫግ ፋብሪካ ሥራ ነው። የባቡር ሞተር ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ አካሉን ሠራ፤ የማንፍሬድ ቫይስ ፋብሪካ ደግሞ ከፈረንሳዩ ኖም-ሮን የተቀዳውን ባለ 14 ሲሊንደር ሞተር አቀረበ፤ በኮፈኑ ላይ ሀንጋሪ-ሠራሽ ባለ 12.7 ሚ.ሜ. ጌባወር መትረየሶች ተተከሉ። ለትንሽ አገር ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። የተመረተው ብዛት እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ 170 የሚሉም፣ ከ200 በላይ የሚያደርሱትም አሉ።

አዲሱ ሞተር የአውሮፕላኑን ሚዛን ስላዛባ አፍንጫው በ38 ሴ.ሜ. ያህል እንዲረዝም ተደረገ። ይህ በ1/72 ልኬት (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ሞዴል) 5 ሚ.ሜ. ያህል፣ በ1/48 ደግሞ 8 ሚ.ሜ. ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሴንቲ ብቻ በሆነ የ1/72 ሞዴል ላይ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የሬጃኔን ሳጥን (ተገጣጣሚ ሞዴሉን) ገዝቶ ሁለተኛውን ሄያ የሚሠራ ሰው አፍንጫውን ከክንፉ ፊት በቀጭን መጋዝ ቆርጦ ስስ የፕላስቲክ ንጣፎችን ደራርቦ ያስገባል። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከዚያ እንደገና ስቱኮ። ያልደረቀ ስቱኮ የፈገፈገ ሰው በማግስቱ መገጣጠሚያው ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ያገኛል፤ እኔም ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

ከሳጥኖቹ የጣሊያኑ ሱፐርሞዴል በ1/72፣ የቼኩ ስፔሻል ሆቢ በ1/48 ይታወቃሉ። የቼኩ በአነስተኛ ቁጥር የሚመረት ዓይነት ስለሆነ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኝ ችንካር አይጠበቅበትም፤ ሳያጣብቁ ደጋግሞ መግጠም ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው መሥራት የሚፈልገው ግን አንድ የተወሰነ ሄያ ነው፦ ቪ.421። «ቪ» ቫዳስ (አዳኝ) የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። የአገሪቱ ገዥ የሚክሎሽ ሆርቲ ልጅና ምክትል ገዥ የነበረው ኢሽትቫን ሆርቲ ነሐሴ 20 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቁ ግንባር አሌክሴየቭካ አጠገብ ተከስክሶ የሞተው በዚሁ አውሮፕላን ነው፤ ዕድሜው 37 ነበር፤ ቀኑም የሀንጋሪ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነበር። ጀርመኖች ሸር ሠርተውበታል የሚሉ እስከ ዛሬ አልጠፉም። ዝቅ ብሎ በቀስታ ሲዞር አውሮፕላኑ ክንፉ አየር ላይ የሚያቆየውን ኃይል አጥቶ መውደቁ ይበልጥ ያስኬዳል፤ ሄያ በዚህ ጠባዩ ይታማ ነበር።

ቀለም ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የምሥራቁ ግንባር መለያ የሆነው ቢጫ ነው። ቢጫ በጥቁር ግራጫ ላይ በቀጥታ ከተቀባ አረንጓዴ ስለሚመስል መጀመሪያ ነጭ ይቀባል። ከ1942 ጀምሮ የሀንጋሪ አውሮፕላኖች የአገር መለያ በጥቁር አራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ነጭ መስቀል ነው፤ ከዚያ በፊት በቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ የተሠራ ሦስት ማዕዘን ነበር። ሁለቱን በአንድ ሞዴል ላይ የደባለቀ ሥራ አልፎ አልፎ ይታያል።

ከ1943 በኋላ ሄያ በአብዛኛው በአገር ቤት ቀረ።

ሙሉ ሆኖ የተረፈ የሀንጋሪ ሄያ የለም። የሚታየው ስዊድን ከገዛቻቸው 60 ሬጃኔዎች አንዱ ሲሆን የሚገኘውም ሊንሾፒንግ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ነው። ለአንደኛው ሄያ ኮክፒትና ለጎማ ማጠፊያው ጥሩ ምስክር ነው። የሁለተኛውን አፍንጫ ግን ከድሮ ፎቶ ላይ በማስመሪያ ለክቶ ማውጣት ግድ ይላል።