በእንግሊዝኛ «ሁ»፣ «ዊች» እና «ዛት» ወደ ማን ይመለሳሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ሰው በብዛት የሚሰናከለው መምህራን «ሪላቲቭ ክሎዝ» በሚሉት፣ ስምን ተከትሎ በሚገልጸው ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ስንፍና አይደለም፤ አማርኛው አጥብቆ ስለያዘው ነው። ከታች ያለው እያንዳንዱ አንቀጽ በአንድ የተሳሳተ አመለካከት ይጀምራል፤ እውነታው ይከተላል።

«ዊች» የአማርኛው «የ» ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከሁሉ የከፋው አመለካከት ይኸ ነው። «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት ኢን ደሴ» የሚያሰኘንም እርሱ ነው። በአማርኛ «ደሴ የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች፤ «የገዛሁ መጽሐፍ» ብንል ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛ ግን ያንን ሥራ ለራሱ ለ«ዊች» ሰጥቶታል። «ዊች» የ«ቦት» ተሳቢ ሆኖ ሳለ «ኢት»ን መጨመር አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ማስቀመጥ ነው። ማረሚያው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ «አይ ቦት ኢት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ «ኢት»ን አንሡና በምትኩ «ዊች»ን ወደ ፊት አምጡ። «ኢት» የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ባዶነቱ ግድ ነው።

የሚገለጸው ሁልጊዜ ቅርቡ ስም ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ዘ ሲስተር ኦፍ ዘ ድራይቨር ሁ ሊቭስ ኢን ኮምቦልቻ» ሲባል ኮምቦልቻ የሚኖረው ማን ነው፤ እህትየዋ ወይስ ሾፌሩ? አማርኛ «የምትኖረው» ወይም «የሚኖረው» ብሎ ይገላግለናል። «ሊቭስ» ግን ጾታ አይለይም፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ማዋቀር ይሻላል። ከዚህም ሌላ፣ «ዊች» ወደ ሙሉ ሐሳብ ሊመለስ ይችላል። «ዘ ባስ ብሮክ ዳውን ኦን ዘ ሂል፣ ዊች ሜድ ኧስ ሌት» ብንል፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ያስረፈደን ቁልቁለቱ ሳይሆን የአውቶቡሱ መበላሸት ነው።

«ዛት» ለሰው አይሆንም። ይሆናል፤ እንዲያውም በዚህ አገልግሎቱ ከ«ሁ» የቀደመ ነው። ለሰው የማይሆነው «ዊች» ነው፤ እርሱም ቢሆን በዛሬው እንግሊዝኛ። በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እግዚአብሔር «አወር ፋዘር ዊች አርት ኢን ሄቨን» ይላል። ግሱ «አርት» ለሁለተኛ መደብ መሆኑን ልብ በሉ፤ የእኛው «በሰማያት የምትኖር» ያለውም ይህንኑ ነው።

«ሁዝ»፣ ማለትም ባለቤትነትን የሚያሳየው የ«ሁ» ቅርጽ፣ ለዕቃ አይውልም። ይውላል፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ ቤትም «ኤ ሃውስ ሁዝ ሩፍ ሊክስ» ማለት ትክክል ነው።

ኮማው ጌጥ ነው። አይደለም፤ ትርጉም ይለውጣል። «ማይ ብራዘር ሁ ዎርክስ ኢን ኮምቦልቻ» ያለ ኮማ ከወንድሞቼ አንዱን ይመርጣል። በኮማ ከተከበበ ግን የትኛው ወንድሜ እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ የሥራ ቦታው ተጨማሪ ወሬ ብቻ ነው። ኮማ ባለበት «ዛት»ን አትጠቀሙ።